አንዲት ቃል ለማቃናት አምባሰል ድረስ

አምባሰልን በክራር እንጂ በእግራችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ። እኔም እስከዚህ ጉዞ ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ። የዝዋይ ልጅ ነኝ፤ አምባሰል ሲባል ቅኝቱ ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣው። ተራራ መሆኑን፣ ያውም ጉልበት የሚያብረከርክ ተራራ መሆኑን ያወቅኩት ባሌን ተከትዬ ከወጣሁት በኋላ ነው። ባሌ ይመር መምህር ነው፤ የአምባሰል ሰው መርጦት ብሔራዊ ሸንጎ ገብቷል። በባሌ እኮራለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኩራቴ የሚያስቀይመው ሰው ካለ ከዚሁ ይመለስ።

ይመር ሸንጎ ውስጥ ተነሥቶ የተናገረባቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው። ስለ ፍትሕ ሲወራ፣ ፍርድ ሳያገኝ ታስሮ የሚከርም ሰው ጉዳዩ ቶሎ ይታይለት አለ። ስለ ወህኒ ቤት ሲወራ ደግሞ፣ እስረኛ ከቀዬው ርቆ ሲታሰር ቤተሰቡ ስንቅ ተሸክሞ ገደል ለገደል እንደሚንከራተት አስረዳ። ይህን ሲል ብዙዎች አጨበጨቡለት። ጣጣው የመጣው በሦስተኛው፣ በውጭ ጉዳዩ ነው።

ከሱማሌ ጋር ስለ ተደረገው ስምምነትና ስለ ምርኮኞች መለዋወጥ ውይይት ሲደረግ ይመር ተነሣና እንዲህ አለ፦ «በኛ አገር ደም ማድረቅ የሚባል አለ። ሁለት መንግሥት ደሙን አድርቆ እስረኛ ከተመላለሰ፣ በአገር ሽማግሌ ደሙ የደረቀለት እስረኛም አመክሮው ሲታይ ይኸው ይታሰብለት።» ደም ማድረቅ ማለት የገዳይና የሟች ወገን ታርቆ በቀል እንዲቀር ማድረግ ነው። እኛ ዝዋይ አካባቢ ጉማ እንለዋለን። ንግግሩን አስቀድሞ ቤት ውስጥ አንብቦልኝ ነበርና «ኧረ ቃሉን አስረዳቸው» አልኩት። «ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አላውቀውም ነበር፤ ታዲያ እኔ ከየት መጣሁ?

የሸንጎው ንግግሮች ማጠቃለያ ለገበሬው ይነበብ ተብሎ በየወረዳው ወረደ። ውጫሌ ላይ ያነበበው ካድሬ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነበር። «ደም ማድረቅ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ የታይፕ ስሕተት መሰለችው። አሰበና አቃናት። ለተሰበሰበው ገበሬ ሁሉ በድምፅ ማጉያ፣ የአምባሰል ተመራጭ ጓድ ይመር ለ«ደም መላሾች» አስተያየት እንዲደረግ ጠየቁ ብሎ አነበበ! ደም መላሽ ማለት እኮ ለሞተበት ወገኑ የሚገድል ነው። ባሌ በቀል ይብቃ ያለውን፣ ባሌ በቀል ይፈቀድ አለ አደረገው።

ሌላ ቦታ ቢሆን ተስቆ ይቀር ነበር። እዚያ ግን ቃሏ የወደቀችው እሳት አጠገብ ነው። ከውጫሌ በላይ ባለ ቀበሌ ደሳለኝ የሚባል ጎልማሳ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ ሐሰን የሚባለውን ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ገድሎታል። ተፈርዶበት ደሴ ወህኒ ቤት ነው፤ በአመክሮ ሊወጣ ተቃርቧል። ሁለቱ ወገን ሊታረቅ፣ ደሙ ሊደርቅ ቀን ተቆርጦ ነበር። ማጠቃለያው ሲነበብ ግን የሐሰን ታናሽ ወንድም ሰይድ «መንግሥትም ከፈቀደማ» ብሎ ተነሣ፤ አባትየውም ከዕርቁ ቀሩ። ደሳለኝ ከወህኒ ሲወጣ የሚጠብቀው ሰይድ ሆነ ማለት ነው። አስታራቂው ሽማግሌ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ነጋዴ አፍ «ይመር መጥቶ ቃሉን ያንሣ፤ አለዚያ የሰው ነፍስ በሱ ይጠየቃል» ብለው ላኩ። ይመር ይህን በሰማ ጊዜ እህል አልበላ አለ። እኔም «ነግሬህ ነበር» ለማለት ከንፈሬ ደርሶ መለስኩት። ኋላ ግን በመንገድ ላይ ደጋግሜ ብዬዋለሁ።

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። ወንበራችን ከኋላ ጎማ ላይ ስለሆነ እያንዳንዷ ጉድጓድ ወገቤን እየጠየቀች ነው የምታልፈው። የኛ የዝዋይ መንገድ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ተኝተሽ ትደርሻለሽ። ይሄኛው ጣርማ በር ላይ ዋሻ አሳልፎ አፋፍ ላይ ያወጣሽና ቁልቁል ይለቅሻል። ዓይኔን ጨፍኜ ማርያም ማርያም ስል አጠገቤ የተቀመጠች የኮምቦልቻ ሴት ሎሚ ቆርጣ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝ። «አብሽሪ እቴ፣ አሁን ያልቃል» አለችኝ። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ነው፤ የወሎ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለው ይውላል። ቁልቁለቱ ግን አላለቀም።

ደብረ ሲና ላይ ጎማችን ተነፈሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ሲታገሉ ተሳፋሪው ቆሎ እየገዛ መንገድ ዳር ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ይመር የሸንጎ አባል መሆኑን ሰምተው ከላይ እስከ ታች አዩት። «የሸንጎ ሰውም በአውቶቡስ ይሄዳል?» አሉ። «ይሄዳል አባቴ» አላቸው። «እንግዲያው ጎማውን ያዝላቸዋ!» አሉት። ይመር ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና ሄዶ ያዘ። እጁ ጥላሸት ሆኖ ሲመለስ ያቺ የሎሚዋ ሴት ከጀሪካኗ ውኃ አስታጠበችው።

ደሴ አምሽተን ገባን። ብርዱ ሌላ ነው። የያዝነው አልጋ ብርድ ልብሱ ስስ ስለነበር የሆቴሏ ባለቤት ሳንጠይቃት የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልን። «የቆላ ሰው መሆንሽ አፍንጫሽ ላይ ያስታውቃል» ብላ ሳቀችብኝ። ቀልቶ ነበር መሰለኝ።

ማክሰኞ

ከደሴ ቦሩ ሜዳን አልፈን ወደ ሐይቅ ስንወርድ ውኃው ድንገት ከታች ብልጭ አለ። የኛ ዝዋይ ሰፊ ነው፤ ግን ደፍርሶ ቡኒ ነው፤ እውነቱን ልናገር። የዚህኛው ሰማያዊነት አስቀናኝ። ለይመር ግን አልነገርኩትም፤ ብነግረው እስካሁን ሲጎርርብኝ ይኖር ነበር።

ያረፍነው ሐይቅ ከተማ እህቱ ከድጃ ዘንድ ነው። ይመር ክርስቲያን ነው፣ ከድጃ ሙስሊም። አባታቸው ክርስቲያን፣ እናታቸው ሙስሊም ስለነበሩ አንዱ ወደ አባቱ አንዷ ወደ እናቷ ሄዱ። እኔ ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ እነሱ የኔ መደነቅ ነው የሚያስቃቸው። ከድጃ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችን። ዓሣ ከነጭንቅላቱ ለእንግዳ ማቅረብ የኛም ወግ ነውና ጭንቅላቱን ስለይ አይታ «ማሻ አላህ! ባለ ሐይቅ ናት ለካ» አለች። ከዚያ በኋላ እንደ እህቷ ሆንኩ። ከገብስ የሚሠራውን፣ የማያሰክረውን ቃሪቦ ደጋግማ ቀዳችልኝ። የሐይቁን የእስጢፋኖስ ገዳም ግን ከሩቅ ነው ያየሁት። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ይመር ገብቶ ወጣና «ደስ ይላል» አለኝ። የጉብኝቴ ወሬ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ወጣት ካኪ ለብሶ በር ላይ ቆመ። ያ ካድሬ ነው። ስሙን ሲናገር ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ታረቀኝ ይባላል! ይመር ተነሥቶ ወንበር ሰጠው።

«ጓድ ይመር፣ እኔ ቄራ ሰፈር ነው ያደግኩት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደም ሲደርቅ ያየሁት አስፋልት ላይ ብቻ ነው። ደም መመለስ ግን ሰምቼ አውቃለሁ። ስሕተት ያረምኩ መሰለኝ።»

«ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም» አለ ይመር። «አስረዳ ተብዬ ነበር።» ይህን ሲል ወደኔ አላየም። እኔ ግን ወደሱ አይቻለሁ።

«ነገ አብሬያችሁ ልሂድና እዚያው ሕዝቡ ፊት ልናገር» አለ ታረቀኝ። ማንም አላዘዘውም። ካድሬ በሕዝብ ፊት ተሳሳትኩ ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ ስለማላውቅ እውነት አልመሰለኝም ነበር።

ረቡዕ

ውጫሌ በላንድሮቨር ደረስን። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ስሟ ግን ትልቅ ነው። ያ ከጣሊያን ጋር የተደረገው ውል፣ በአማርኛው አንድ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ አገር ያጣላው ውል እዚህ ነው የተጻፈው። ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ ሰውዬ ይመርን አወቀውና «ያንተም ቃል እዚሁ ተጣመመች? ይህች ከተማ ምን ነካት!» ብሎ ሻይ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ታረቀኝም ሳቀ፣ ምስኪን። የሻዩን ዋጋ እንዳንከፍል ባለቤቱ ከለከለን።

ከውጫሌ በላይ በእግር ነው። ለኔ በቅሎ ተዋሱልኝ። ዝዋይ ላይ ጋሪ እንጂ በቅሎ አይታወቅም፤ ልጓሙን እንደ ፈረስ ጋሪ ሳብኩትና በቅሎይቱ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እኔ ግን አልቆምኩም። ገብስ ማሳ ውስጥ ወደቅኩ። አጥንት የተሰበረ መስሏችሁ ከሆነ፣ አጥንቴ ደኅና ነበር፤ የተሰበረው የጫማዬ ተረከዝ ነው። አዎ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ነበር። የሸንጎ አባል ሚስት ነኛ!

በባዶ እግሬ ሳነክስ ከመንገድ ዳር ካለ ቤት አንዲት ሴትዮ ወጡ። ጠይም፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ። ምንም ሳይጠይቁ ኮንጎ ጫማ አምጥተው አጠለቁልኝ። «እኔ ሌላ አለኝ፣ ሂጂበት የኔ አካል» አሉኝ። ሌላ እንደሌላቸው እግራቸው ይናገራል። አመስግኜ ጥቂት እንደሄድን ይመር ፊቱ ተለወጠ።

«ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? እማማ ጥሩነሽ ናቸው። የደሳለኝ እናት።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«የገዳይ ወገን ስጦታ ተቀበልሽ እኮ! ነገ እኛ በማን በኩል ቆመን ነው የምንናገረው?»

ለዚህም ነው ያደርነው ከሁለቱ ወገን በአንዱም ቤት ሳይሆን ያን መልእክት በላኩብን አበጋር ዘንድ። አበጋር በወሎ ከአባት ከአያት ማስታረቅ የወረሰ ሽማግሌ ነው። ነጭ ጥምጣም፣ ቀስ ያለ ድምፅ፣ ግን ዓይናቸው የሚያመልጠው ነገር የለም። ገና ተቀምጬ ሳልጨርስ እግሬን አዩ።

«ጥሩነሽ ጫማ ሰጠችሽ?»

«ሰጡኝ አባቴ፣ ሳላውቅ ነው።»

«ሄደሽ ከዘሀራ ዘንድ ደግሞ አንድ ነገር ተቀበይ» አሉ፤ እየቀለዱ መስሎኝ ነበር፣ አልቀለዱም። ዘሀራ የሟቹ የሐሰን እናት ናቸው። ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ በራቸው ላይ ስገተር እማማ ዘሀራ ኮንጎውን አይተው ገባቸው። ገብተው እርጎ በቅል አመጡልኝ። ቆሜ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ። «አሁን እኩል ሆንን» አሉ። አልሳቁም። ፊታቸው የልጅ ሞት ያለፈበት ፊት ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ከወርካው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የገዳይ ወገን በሌላ በኩል፣ መካከሉ ባዶ። የሐሰን አባት አያ ሁሴን መጡ፤ ግን ጀርባቸውን ለገዳይ ወገን ሰጥተው ነው የተቀመጡት። ሰይድ አልተቀመጠም። ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሴቶቹ ከኋላ ነበርን።

ይመር ተነሥቶ «የተከበራችሁ የአካባቢው ሕዝብ፣ ባለፈው የሸንጎው መደበኛ ጉባኤ ላይ...» ብሎ ሲጀምር አበጋሩ እጃቸውን አነሡ።

«ይመር፣ እናትህ ባስተማሩህ አፍ ተናገር።»

ሰዉ ሳቀ። ይመርም ሳቀ፤ ያን ጊዜ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ሸንጎው ፊት ያለውን በአምባሰል አፍ ደገመው። ስለ ሱማሌ ስምምነት ነገራቸው፣ ስለ ምርኮኞቹ መመለስ ነገራቸው። «እኔ ያልኩት ደም ይድረቅ ነው» አለ። «ደም ይመለስ ያልኩ እንደሆን ምላሴ ይድረቅ።» ታረቀኝ ወዲያው ብድግ አለ። ማጠቃለያው ላይ የተጻፈው ደም ማድረቅ እንደነበረ፣ ቃሉን የለወጠው እሱ እንደሆነ፣ ይመር አንዳች ጥፋት እንደሌለበት ተናገረ። ሲጨርስ የት እንደሚቀመጥ ጠፋውና መካከሉ ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጠ።

አያ ሁሴን ግን አልዞሩም። «ቃሉ ተቃና፤ እሺ» አሉ። «አንተ ይህን ስትናገር እዚያ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ምን አሉ?»

ይመር መዋሸት ይችል ነበር። ማን ያይበታል? «አንዳንዶቹ ሳቁ» አለ። «የባላገር ነገር ነው ያሉም አሉ።»

«ተሳቀብህና ተቀመጥክ?»

«አልተቀመጥኩም። እስክጨርስ ተናግሬ ነው የተቀመጥኩት።»

ኩራት ደረቴን ሞላው። እልል ልል ነበር፤ ቦታው አይደለምና ነጠላዬን ነክሼ ያዝኩት።

ሰይድ ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል። ድንገት ከአጠገቤ እማማ ዘሀራ ተነሡ። በዚያ የዕርቅ ሸንጎ ሴት ቆማ የምትናገርበት ወግ እንዳልነበረ ኋላ ነው የሰማሁት። አበጋሩ ግን አላስቆሟቸውም።

«ሰይድ» አሉ ልጃቸውን። «ያን ሰው ብትገድለው ሐሰን ይነሣል?»

ሰይድ ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«አይነሣም። አንተን ይወስዱብኛል። ደሴ ስንቅ ተሸክሜ እመላለሳለሁ፤ ሁለተኛ ልጄንም አጣለሁ ማለት ነው። መመለስ መመለስ ትላላችሁ፤ የሚመለስ ከሆነ ሐሰንን መልሱልኝ! መመለስ ካልቻላችሁ አድርቁት።» ይህን ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ያዝኩ፤ አልነጠቁኝም።

አያ ሁሴን ፊታቸውን አዞሩ። ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ ሽማግሌም ናቸው፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ሰይድ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ከአባቱ ጎን ቁጭ አለ፤ አለቀሰም። ደም ማድረቁ በዚያው ዋለ። ሙስሊሙ የሙስሊሙን በግ፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን በግ አረደ፤ ዱዓ ተደረገ፣ አባታችን ሆይ ተደገመ፣ ሁለቱ ወገን እጅ ለእጅ ተያያዘ። የደሳለኝ አጎት በደሳለኝ ስም ቆሞ የአያ ሁሴንን ጉልበት ሳመ። አበጋሩም እንደ ወጉ፣ ደሳለኝ ከዛሬ ጀምሮ በሐሰን ፋንታ ለነሁሴን ቤት ልጅ ነው ብለው ለሁሉም አሰሙ። እኛ አገር ጉማ ሲወርድ ሕፃን ሆኜ አይቻለሁ፤ ግን ሙስሊምና ክርስቲያኑ እንዲህ አንድ ላይ ተቀምጦ አላየሁም። ባሌ ከዚህ ሕዝብ መወለዱ ለኔም የተሰጠ ክብር መሰለኝ።

ዓርብ

ወደ ደሴ ስንመለስ ሁለቱ እናቶች አብረውን ወረዱ። እማማ ጥሩነሽ ለልጃቸው ስንቅ ሊያቀብሉ ነው፤ እማማ ዘሀራ ለምን እንደሚሄዱ አልተናገሩም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። በመንገድ ሁሉ ስለ ገብስ ነው ያወሩት፤ ዝናብ ስለ መዘግየቱ፣ ሰብል ስለሚያደርቀው ዋግ። ላንድሮቨሩ ውስጥ አንዷ ስታንቀላፋ ጭንቅላቷ የሌላዋ ትከሻ ላይ ወደቀ። ማናቸው ማን ላይ እንደነበሩ አሁን ረስቼዋለሁ።

ወህኒ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ አለ። ሰዉ ሁሉ ሳህኑን በፎጣ ቋጥሮ ቆሟል። በረኛው ፖሊስ ሸምገል ያለ፣ ሥራ የሰለቸው ሰው ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ሌላው ስንቁን በር ላይ ሰጥቶ ይመለሳል። ይመር ስለ ወህኒ ቤት ሲናገር ይህን ሰልፍ ነበር ያሰበው ለካ። እኔ በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ለማን?» አለ ፖሊሱ።

«ለደሳለኝ» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

«ምኑ ነሽ?»

«እናቱ።»

«እለፊ። አንቺስ?»

«ለደሳለኝ» አሉ እማማ ዘሀራ።

«ምኑ ነሽ?»

«እናቱ።»

ፖሊሱ ቀና አለ። አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩትን አየ፣ ሻሽ የተጠመጠሙትን አየ። «እናቶች፣ አታሹፉብኝ። ሰው ስንት እናት አለው?»

ይመር የሸንጎ መታወቂያውን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እጁን ያዝኩት። እዚህስ የሱ መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

«እሷ ወልዳዋለች» አሉ እማማ ዘሀራ። «እኔ ደግሞ ልጄን በሱ እጅ አጥቻለሁ። ትናንት ደሙ ደረቀ፤ እሱም ልጄ ሆነ። ልጄ ከሆነ ወዲህ አላየሁትም፤ ልየው።»

ፖሊሱ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቆየ። የት ተወልዶ እንዳደገ አላውቅም፤ ቃሉን ያስረዳው ግን ማንም አልነበረም። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈተና ወደ ግቢው ዞሮ ተጣራ፦

«ደሳለኝ! ኧረ ደሳለኝ! ና ቶሎ በል፣ እናቶችህ መጥተዋል!»